ድንጋይ የተነፈስኩባቸው ዓመታት

ሉባባ እባላለሁ። የምኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ቶርኖ ቤት ወይም ድንጋይ የሚቆረጥበት ቤት የምትሠሩ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ እስኪ ትንሽ ታገሱኝና የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ብረት መቁረጥ ነው።

ሴት ሆኜ የማሽን ሥራ መማሬ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያስገርም ነበር። ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ስገባ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሴቶች ነበርን፤ እስከ መጨረሻው የቆየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴን ይማምንም ያገኘሁት እዚያው ነው። እሱ ቶርኖ ይወዳል፤ ብረቱ እየዞረ የሚቀረጽበትን ማሽን ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ሚሊንግ ወደድኩ። ሚሊንግ ላይ ብረቱ ታስሮ ይቀመጣል፣ መቁረጫው ነው እየዞረ የሚጠርበው። ተጋብተን ወደ ሐይቅ ስንመለስ ዓረብ አገር ያለው የይማም ታላቅ ወንድም አገዘንና ሁለቱንም ማሽን አሮጌ አሮጌውን ገዛን። የመስኖ ፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ቤት መዘውር፣ የመኪና ጥርስ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራ ነበር። አርዲቦ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ፓምፓቸው ሲሰበር ተሸክመው የሚመጡት እኛ ዘንድ ነበር።

ድንጋዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓረብ አገር የሠሩ ልጆች ሲመለሱ ወይም ብር ሲልኩ ቤት ያሠራሉ። ቤቱ ሲያልቅ ማድ ቤቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የድንጋይ ጠረጴዛ ይፈልጋሉ። ጀማል የሚባል የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከከተማ እያመጣ ይገጥም ነበር። አንድ ቀን እኛ ቤት መጣና፣ ውሃው ወደ መታጠቢያው እንዲወርድ ድንጋዩ ላይ ቦይ ቦይ ልታወጡልኝ ትችላላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። በእጅ መቁረጫ ሲሞክረው እየተሰበረበት ተቸግሮ ነበር።

ይማም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያንቺ ማሽን ይችለው ይሆን?» አለኝ።

«እንሞክረው» አልኩ።

ድንጋይ እንደ ብረት አይደለም። ብረት ስትቆርጠው እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ድንጋይ ግን ይፈረካከሳል። ትንሽ ከቸኮልክ ጫፉ ይሸረፍና ሙሉው ጠፍጣፋ ይበላሻል። ስለዚህ ከሥሩና ከመውጫው በኩል ጣውላ አስደግፌ፣ የአልማዝ ጥርስ ያለው መቁረጫ አስገጥሜ፣ ስስ ስስ እያደረግሁ ቀስ ብዬ ስሄድበት ቦዩ እንደ ተወለወለ ሆኖ ወጣ። ጀማል በጣቱ እየዳሰሰ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድንጋይ ሥራ ከቤታችን አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወድጄው ነበር። የሚሰበር ነገር ሳይሰበር ከእጅ ሲወጣ ደስ ይላል።

ከመቁረጫው ሥር የሚወጣው ግን ዱቄት ነበር። ከጤፍ ዱቄት የላመ፣ ነጭ ዱቄት። ይማም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑን እየፈተሸ፣ «ይሄ አቧራ ሐዲዱን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው» አለ። ሐዲድ የሚለው የማሽኑ ጠረጴዛ የሚንሸራተትበትን ለስላሳ ብረት ነው። ውሃ እያፈሰስን ብንቆርጥ አቧራው ይሞት ነበር፤ ግን ጭቃው ሐዲዱ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ይዝጋል ብለን ፈራን። ስለዚህ በደረቁ ቆረጥን። ለማሽኑ ከወፍራም ሸራ ልብስ ሰፋንለት። እኔ የራስ ሻሼን አፌ ላይ አሰርኩ።

ሳል የጀመረኝ ሕፃኗ ልጄ ሐያት ጡት በጣለች ሰሞን ነው። ደረቅ፣ አክታ የሌለው ሳል። ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ ስነሳ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ከዚያ ሐያትን አዝዬ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ስመለስበት መሐል ላይ ቆሜ ማረፍ ለመድኩ። የሚያየኝ ሰው እንዳይገርመው ልጅቱን ወፍ የማሳያት እመስላለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ብሮንካይት ነው ብለው ሽሮፕና መርፌ ሰጡኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ አስም ነው አለ፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ጥቂት ቀን አሻለኝና ተመለሰ። በሁለቱም ቦታ የጠየቁኝ ባለቤቴ ምን እንደሚሠራ ነው። «ቶርኖ ቤት አለው» እላለሁ። እኔ ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ከሕመሜ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

እየከሳሁ ስሄድ ይማም ሌላ ጤና ተቋም ወሰደኝ። ደረቴን ራጅ ተነሳሁ። አክታዬ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ አልተገኘም፤ ራጁ ላይ ግን ጥላ ጥላ ነገር ይታያል ተባለ። «አንዳንዴ አክታ ላይ ሳይታይም ይኖራል፤ ሳንጠብቅ እንጀምርልሽ» አሉኝና የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሕፃኗ ጋር እንዳልተኛ ነገሩኝ።

ከሕመሙ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነበር። አማቴ እማማ ፋጡማ ሐያትን ወደ እሳቸው ክፍል ወሰዷት። መሐላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ ስስል ልጄ ከማዶ ትስላለች። ሰላምታ መስሏት ነው። እንዳልስል ትራሱን አፌ ላይ እይዛለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ «እማ» ብላ ትጣራለች። ያን ጊዜ ሆነ ብዬ ቀስ አድርጌ እስልላታለሁ። ትስቅና ትተኛለች።

እማማ ፋጡማን ለብቻ እንድበላ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ከእኔ ሰሐን ይጎርሳሉ፣ የተረፈኝን ውሃ ይጠጣሉ።

«እማማ፣ በአላህ፣ ይያዛሉ» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ልጅቱን ነው እንጅ አሮጊቷን አላለም። ብይ አሁን» አሉኝ።

ጎረቤቱ ግን ሁሉም እንደሳቸው አልነበረም። ወሬው ሲወጣ አንዳንዱ ከሩቅ ሰላም ብሎኝ ያልፋል። ፍርሃታቸው ስለገባኝ አልተቀየምኩም፤ ቢሆንም ልቤን ነካው።

መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳላስታጉል ጨረስኩ። ሽንት እንደሚያቀላ ቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ስህተቱ ሌላ ነው፤ ትንሽ ሻል ሲለኝ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ጀማል ድንጋዩን አከማችቶ ይጠብቀኝ ነበር። ይማም፣ «ቆይ፣ ደህና አገግሚ» እያለኝ እኔ እንቢ ብዬ ገባሁ። ተቀምጦ መታመም ስለሰለቸኝ ነው። በመድኃኒቱ ማብቂያ ላይ ሳሉ እንደነበረ ነው። እንዲያውም ከወንበር ተነስቼ በር እስክከፍት ትንፋሽ ያልቅብኝ ነበር።

መድኃኒቱን ስትሰጠኝ የቆየችው ነርስ በመጨረሻ ደረቴን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ነገር ቲቢ ብቻ አይመስለኝም እህቴ። ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ልጻፍልሽ» አለችኝ።

ያን ሰሞን ፍርሃት ገባኝ። ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ፣ ሐያት ካለእኔ ማን ፀጉሯን ይሠራላታል ብዬ አስባለሁ። ትልቁ ነገር ቀርቶ ይሄ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። ይማም አጠገቤ ነቅቶ እንደሆነ ከአተነፋፈሱ አውቃለሁ። «አብሽሪ» ይለኛል በጨለማው። እጁን ጀርባዬ ላይ ያደርግና ትንፋሼ እስኪረጋ እንደዚያው ይቆያል።

ደሴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በሚኒባስ ሄድን። የሆስፒታሉ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከአምባሰል የመጡ፣ ባላቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ሲያዩኝ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። አንድ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለባላቸው፣ ግማሹን ለእኔ ሰጡ። ስለ ሕመሜ አልጠየቁኝም፤ ስለ ልጄ ነው የጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ስንጠብቅ ዋልን። ተራው ለነገ ሲተላለፍ ይማም ሊቆጣ ነበር፤ እትዬ ጥሩዬ «ተው ልጄ፣ ሐኪሞቹም ሰው ናቸው» ብለው አስቀመጡት። ስንለያይ እንዲህ አሉኝ፤

«ለግሸን ስለት አለብኝ። ስወጣ ያንቺንም ስም እጠራልሻለሁ። ማን ልበል?»

«ሉባባ» አልኳቸው፣ ትንሽ አፍሬ።

«ሉባባ» ብለው እንዳይረሳቸው ደገሙት። «ማርያም ስም አትመርጥም።»

በማግስቱ የገባሁባት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። የድሮውንም አዲሱንም ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅላ ብዙ አየች። ከዚያ እጄን ይዛ ጥፍሬን መመርመር ጀመረች፤ የትንፋሽ ሕመም ጥፍር ላይም ምልክት ያሳያል ለካ። ግን እዚያ ላይ ሌላ ነገር አየች። መዳፌን ገለበጠችው። የጣቶቼ ስንጥቅ ውስጥ በሳሙና የማይለቅ የማሽን ዘይት አለ፤ አውራ ጣቴ ላይ መቁረጫ የነካው ጠባሳ አለ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሚሊንግ ማሽን ላይ ነው የምሠራ።»

«ምን ትቆርጫለሽ?»

«ብረት። ድንጋይም።»

«ድንጋይ? በውሃ ነው በደረቁ?»

ይማም ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። «በደረቁ» አለ እሱ፣ እኔ ሳልመልስ።

ሐኪሟ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሲቲ ስካን የሚባለውን፣ ደረትን ስስ ስስ አድርጎ የሚያሳየውን ምርመራ አዘዘችልኝ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የድንጋይ ብናኝ በጣም ስለሚደቅቅ በአፍ የታሰረ ሻሽ አያግደውም። እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል፣ እዚያ ይቀራል፣ ሳንባው በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ደህና ሳንባ አይለጠጥም።

«ይወጣል?» አልኳት።

«የገባው አይወጣም። አልዋሽሽም። ግን ገና ብዙ ደህና ሳንባ አለሽ። ዛሬ ካቆምሽ ባለበት ሊቆም ይችላል። ከቀጠልሽ ግን ልጅሽን አታሳድጊያትም።»

ይማምንም፣ አንተም ራጅ ትነሳለህ አለችው። ተነሳ። የእሱ ደህና ነበር፤ ቶርኖው በሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚነፍስበት በኩል ስለነበረ ይሆናል። አልሐምዱሊላህ አልኩ። እሱ ግን ደህና መሆኑን ሲሰማ ነው ያለቀሰው።

ቤት ደርሰን እማማ ፋጡማ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ይሸጥ ይሄ ማሽን። ዛሬውኑ ይውጣልኝ» አሉ። ይማምም ራሱን አቀርቅሮ፣ «እሸጠዋለሁ። ጀማልን እሽ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። በሕመሜ ሁሉ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም።

«እንሞክረው ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ምን አደረገኝ? የገደለኝ ድንጋዩ ነው። ሳንባዬም ሄዶ ሙያዬም ከሄደ ምን ይቀረኛል?» ስናገር ሳሉ አቋረጠኝ፤ እማማ ፋጡማ ውሃ አቀበሉኝ። ከጠጣሁ በኋላ ቀጠልኩ። «ብረት እቆርጣለሁ፣ ዘይት እያፈሰስኩ። ድንጋይ ግን እዚህ ግቢ አይገባም።»

አማቴ ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንግዲህ እሷ ካለች» ብለው ተነሱ።

ጀማልን በማግስቱ ይማም አነጋገረው። ጀማል ክፉ ሰው አይደለም፤ አላህ ያሽርሽ ብሎ እስከ ቤት መጥቶ ጠየቀኝ። ሥራው ግን አይቆምም። ድንጋዩ ከእኛ ሲቀር ገቢያችን ቀነሰ፤ በፓምፕና በወፍጮ ዕቃ ብቻ መኖር ከበደን። ዓረብ አገር ያለው የይማም ወንድም ደወለና «ለምን ሥራ ትመልሳላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ስልኩን እማማ ፋጡማ ተቀበሉ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አላነሳም።

የማሽኑ ቤት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። መጥረጊያ አታንሱ፣ አቧራውን መልሶ ያስነሳዋል ብላን ነበር ሐኪሟ። ይማም አፍንጫና አፉን አስሮ ጣሪያውን፣ ወራጁን፣ የማሽኑን ሥር ሁሉ አጠበ። እኔ ውጭ ተቀምጬ ሐያት ፀጉሬን እንድትሠራ ሰጠኋት። አራት ቦታ ቋጠረችው።

ማገገም ቶሎ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ከይማም ጋር በሐይቁ ዳር መራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን ከሚያስሩበት አላልፍም ነበር፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ትወጣለች። ቆይቶ ከዚያ አለፍኩ። ሳሉ አልጠፋም፣ ግን ቀለለ። ሥጋ መልበስ ጀመርኩ። ለምርመራ ስመላለስ ሐኪሟ በቱቦ አስነፍታ ትንፋሼን ትለካለች፤ ባለፈው ጊዜ «አልጨመረም» አለችኝ። ይቺን ቃል ይዤ ስወጣ መንገዱ ላይ ለሚያገኘኝ ሁሉ ልናገር ትንሽ ነው የቀረኝ። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለችም። ለእኔ ሐያት ትምህርት ቤት ስትገባ እጇን ይዤ መሄድ ማለት ናት። ይዤም ሄድኩ።

አሁን ለእናንተ። ሳል ሲይዛችሁ ለሐኪሙ ሥራችሁን ንገሩት፣ ባይጠይቃችሁም። ድንጋይ፣ ሸክላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ብረት ያልሆነና ሲቆረጥ ዱቄት የሚሆን ነገር ሁሉ በደረቁ አይቆረጥ። ሻሽም ሆነ ተራ ጭንብል ይበቃናል አትበሉ። ሴት ከሆናችሁም የቤት እመቤት ናት ተብላችሁ እንዳትታለፉ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ።

አንድ ነገር ግን ሰላም አልሰጠኝም። እኛ እንቢ ያልነው ድንጋይ የት ሄደ? ጀማልን ጠየቅሁት። ውጫሌ ያለ ግዛው የሚባል ሰው እየሠራልኝ ነው አለኝ።

አንድ ቀን ይማምን አስከትዬ ውጫሌ ወጣሁ። ግዛው ጎልማሳ ነው፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ይላል። ስንደርስ ከቤቱ በር ነጭ አቧራ እንደ ጭስ ይወጣል። ማሽኑን አጥፍቶ መጣ፤ ቅንድቡና ሪዙ ነጭ ሆኗል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ደንበኛውን ልትመልሽ ነው የመጣሽ?»

«አይደለም ጋሼ። እኔ ድንጋይ መቁረጥ አልችልም ከእንግዲህ። የመጣሁት የታመምኩትን ልነግርዎት ነው።»

ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «እኔ ለምጀዋለሁ። ሳል የለብኝም» አለ። ሲናገር በአፉ በኩል ነበር የሚተነፍሰው።

ልከራከረው አልፈለግሁም። ከቤቱ በላይ አቀበት አለ፣ ጫፉ ላይ ግራር ይታያል። «እስከዚያ ግራር ያድርሱኝ ጋሼ፤ ሐኪሜ ተራመጅ ብላኛለች» አልኩት። እንግዳ እንቢ አይባልምና መጣ። እኔ ቀስ ነው የምሄድ፤ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ከጎኔ ጠፋ። ዞር ስል ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። መንገድ ዳር ወዳለ ድንጋይ ይማም ደግፎ አስቀመጠው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ወደ ከተማው እያየ፣ «ሚስቴ ሁልጊዜ ትለኛለች» አለ። ቀጥሎም፣ «ደሴ መቼ ነው የምትሄጅ?»

«ማክሰኞ።»

ራሱን ነቀነቀ። ይመጣል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ሐይቅ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳለሁ ከውጫሌ በኩል የመጣ ሚኒባስ ፊቴ ቆመ። ሰው ሞልቶታል። ከኋላ ወንበር ግዛው ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጧል። በመሐላቸው የታጠፈ ነጠላ ተቀምጦ ነበር፤ ሴትየዋ ቶሎ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ነይ ግቢ» አለችኝ፣ «ላንቺ ነው ቦታውን የያዝነው።»